ማዕድ ባርክ ሲሉኝ ቃሉ ጠፋኝ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን የምትከታተለው ባለቤቴ ናት፤ እኔ እርሷ አንብባ ስትተወው አንሥቼ የማይ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን እርሷ ሳታውቅ እየጻፍኩልዎ ነው።

ዕድሜዬ 43 ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ 18 ዓመት ሆነኝ። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በቤታችን ማዕድ የምባርከው እኔ ነኝ፤ አባቴም በቤቱ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን አልባርክም። አስቤበት የተውኩት ነገር አይደለም። አንድ ማታ ባለቤቴ እንጀራውን አቅርባ "በል ባርክልን" ስትለኝ አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣ አለኝ። "ብሉ" ብዬ ቆረስኩ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴም ባርክ ማለቱን ተወችው።

ምን ሆንክ ቢሉኝ ይህ ነው ብዬ የምጠቅሰው አንድ ትልቅ ነገር የለም። ከባልደረቦቼ ጋር ተደራጅተን ለቤት መሥሪያ መቆጠብ ከጀመርን ስምንት ዓመት አለፈን፤ ቦታው ዛሬም ተስፋ ነው። ደመወዜ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። የቤት ኪራያችንን የሚከፍልልን ታናሽ ወንድሜ ነው። ይህን ልጅ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አባታችን ሲያርፍ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ደብተሩንም ጫማውንም እኔ እየገዛሁ ዩኒቨርሲቲ አስገባሁት። አሁን አሜሪካ፣ ዴንቨር ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ይሠራል። በየወሩ ገንዘቡ ሲገባ ባንኩ በስልኬ መልእክት ይልክልኛል፤ እኔም ለወንድሜ "ደርሷል" ብዬ እጽፍለታለሁ። ሌላ ቃል ልጨምር ብዬ ስልኩን ይዤ የምቆይበት ጊዜ አለ፤ መጨረሻ ላይ ግን ያችኑ ብቻ እልካለሁ።

ባለቤቴ ሁሉ ነገሯ ተመስገን ነው። ውኃ መጣ፣ ተመስገን። ጤፉ ሳያልቅ ወሩ አለቀ፣ ተመስገን። ታናሹ ልጃችን ሳያስል አደረ፣ ተመስገን። ድሮ በዚህ ጠባይዋ እቀናባት ነበር፤ አሁን ይከነክነኛል። ይህንኑ ስነግራት "ምስጋና ቢስ ያለውንም ያጣል" አለችኝ። ቃሉ ከልቤ አልወጣም፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ።

ዘመዶቼ ደግሞ "ከአንተ የባሰ ስንት አለ፤ በመጠለያ ያሉትን ተፈናቃዮች አይተህ ተመስገን በል" ይሉኛል። እኔ እኮ የእነዚያን ሰዎች ልጆች አስተምራለሁ። እነርሱን እያየሁ "እኔ እሻላለሁ" ብዬ ማመስገን ያመኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደብተር ገዝቶ ሰጠኝና በየማታው ያመሰገንኩባቸውን አሥር ነገሮች እንድጽፍ መከረኝ። አራት ቀን ጻፍኩ። በአምስተኛው ቀን ስገልጠው "ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ" ይላል፤ ከላይ ያለውም "ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ" ይላል። የተኮረጀ የቤት ሥራ መሰለኝና ዘጋሁት።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ነው እንግዲህ። ጾም ስለሆነ ሽሮ ቀርቧል፤ ሁላችንም ዝም ብለናል። ልጄ "አባዬ፣ ዛሬም አትባርክም?" አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ራሷ እጇን አጣምራ ጀመረች። "እግዚአብሔር ሆይ፣ ስለ ሽሮው ተመስገን። ስለ እማዬ ተመስገን። ጠዋት ፀሐይዋ ቶሎ ስለወጣች ተመስገን። ስለ አባዬም..." ብላ ቆመች። የምትጨምረው ጠፍቷት ትንሽ አሰበችና "አሜን" አለች። እኔ ውኃ የማመጣ መስዬ ተነሥቼ ወጣሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ዋናው ነገር ሳይሳካልኝ ስለ ሽሮና ስለ ፀሐይ ማመስገን ራሴን መሸንገል አይሆንም? ለእግዚአብሔርስ መዋሸት አይሆንብኝም? የማይሰማኝን ከምናገር ዝም ብል አይሻልም?

ቃሉ የጠፋበት አባት፣ ከደብረ ብርሃን

* * *

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዕድሜ ስለምበልጥህ "አንተ" እያልኩ ብጽፍልህ ቅር አይበልህ። መጀመሪያ ሳነበው ልጅህ ጋ ስደርስ አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። በሁለተኛው ግን አንዲት ቃል ያዘችኝ፤ ያች ለወንድምህ የምትልካት። እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ፍርሃቱን ከትከሻህ እናውርደው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ ያሉትን አሥሩን ለምጻሞች ታውቃቸዋለህ። አሥሩም ነጹ፤ ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ሳምራዊ ብቻ ነበር። ጌታም "ዘጠኙስ ወዴት አሉ?" ብሎ ጠየቀ። ጠየቀ እንጂ ለምጹን አልመለሰባቸውም። ዘጠኙ ሰዎች በጸዳ ገላቸው ወደየቤታቸው ገብተው፣ ልጆቻቸውን አቅፈው አድረዋል ብዬ አስባለሁ። በስብከት ላይ ብዙ ጊዜ ሲወቀሱ እሰማለሁ፤ እኔን ግን ያ ጥያቄ በዓል ቀን ልጆቹ የቀሩበት አባት ጥያቄ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። አባት "የት ቀሩ?" ሲል የሰጠውን ሊነጥቅ አይደለም፤ ናፍቋቸው ነው። ስለዚህ "እንዳይወስድብኝ" ብለህ ልትከፍለው ያሰብከው ተመስገን ካለ ተወው። እርሱ ግብር ነው።

ባለቤትህ ክፉ አስባ የተናገረችው ግን አይመስለኝም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ውኃው የሚመጣው በስንት ሰዓት ነው? በእኛ ሠፈር ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በእናንተ ቤት ተነሥቶ በርሜሉን የሚሞላው ማን ነው? "ጤፉ ሳያልቅ ወሩ አለቀ" ያለችህ ሴት፣ ወሩን ሙሉ ስትሰፍርና ስትቀንስ የከረመች ሴት ናት። የአንተን ጭንቀት እርሷም ተሸክማዋለች። እርሷ "ተመስገን" እያለች ትሸከመዋለች፣ አንተ ዝም እያልክ። የአንተ ዝምታ እንዳስፈራት፣ ስትፈራም ያ ቃል እንዳመለጣት እጠረጥራለሁ።

ዘመዶችህ ያሉህ ላይ ግን ከአንተ ጋር ነኝ፤ እንዲያውም ከአንተ ይልቅ እኔ ሳልናደድ አልቀረሁም። በሉቃስ 18 ላይ አንድ ፈሪሳዊ ቤተ መቅደስ ገብቶ "እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንኩ አመሰግንሃለሁ" ብሎ ጸለየ። ልብ በል፣ ጸሎቱ የምስጋና ጸሎት ነው። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን በሩቅ ቆሞ ደረቱን የመታው ቀራጭ ነበር። በሰው ጉዳት ላይ ቆሞ የሚባል ተመስገን ከዚያ ከፈሪሳዊው ጸሎት ብዙም አይርቅም። በክፍልህ የተቀመጡት ልጆች ስም አላቸው፤ አንዱ ፊዚክስ ይወድ ይሆናል፣ ሌላው በትምህርትህ መካከል ያዛጋ ይሆናል። የአንተ ማጽናኛ እንዲሆኑ ወደ ክፍልህ አልመጡም። ይህ ስላመመህ ልብህ ደኅና መሆኑን አውቄያለሁ።

"ለእግዚአብሔርስ መዋሸት አይሆንብኝም?" ብለሃል። ለማያምንበት አምላክ እዋሽ ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ሰው አላየሁም፤ ስለዚህ እምነቴ ጠፋ ብለህ አትስጋ። ዳዊት የምትደግም ከሆነ 12ኛውን መዝሙር ታስታውሰዋለህ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ 13ኛ ተብሎ ተቆጥሯል። "አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ብሎ ይጀምራል። እስከ መቼ እያለ ደጋግሞ ይጮኻል። በጥቂት ቁጥሮች ውስጥ ደግሞ ያው ሰው፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ሲያመሰግን ታገኘዋለህ። በመካከሉ ችግሩ ተፈታለት የሚል አንድም ቃል የለም። እስቲ ንገረኝ፤ "ቦታው ዘገየብኝ፣ ደከመኝ፣ ባሳደግኩት ልጅ ፊት አነስኩ" ብለህ ለእርሱ ለራሱ የነገርክበት ቀን አለ? ወይስ መባረክህን ስታቆም ማማረርህንም አብረህ አቆምክ?

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የቆሙት። ለዚህ ደግሞ ጥሩ ስም አለን፤ ኩርፊያ። ያኮረፈ ሰው አያመሰግንም፣ አይወቅስም፤ ራሱን አዙሮ ዝም ይላል። ባዕድን የሚያኮርፍ ግን የለም። ሰው የሚያኮርፈው እናቱን፣ ሚስቱን፣ ወንድሙን ነው፤ የሚያኮርፈውም ነገሩ ገብቷቸው እንዲያባብሉት ፈልጎ ነው። አንተም ከቤት አልወጣህም፤ ጥግ ይዘህ ተቀምጠሃል።

አሁን ወደ ሽሮውና ወደ ፀሐይዋ እንምጣ። በቅዳሴ ላይ ጸሎተ አኰቴት ሲጸለይ ልብ ብለህ ሰምተህ ታውቃለህ? "ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ"፣ በጎ ያደረገልንን እናመሰግነዋለን፣ ብሎ ይጀምርና የምናመሰግንበትን ምክንያት ሲዘረዝር መጀመሪያ የሚጠራው "ከደነነ" የሚለውን ነው። ከደነን፣ ሸፈነን። እንደ ጋቢ። በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ለሚያድር ሰው ይህን ቃል እኔ ላብራራ አልችልም። ከዚያ ረዳን፣ ጠበቀን እያለ ይወርድና "እስከዚህች ሰዓት አደረሰን" ላይ ይደርሳል። እስከዚህች ሰዓት! ስለ ነገ፣ ስለ ቦታው፣ ስለ ጡረታው ምንም አላለም። ገናም ሊደርስ ነው፤ ያን ዕለት የምንባባለው "እንኳን አደረሰህ" ነው። "እንኳን ተሳካልህ" የምንባባልበት በዓል የለንም።

እናም ስለ ሽሮ ስታመሰግን ስለ ቤት መሥሪያው ቦታ ምንም አልተናገርክም። "ሁሉ ነገር ደኅና ነው፣ ተመስገን" ብትል አዎ፣ ያኔ ዋሽተሃል። "ይህ ሽሮ ትኩስ ሆኖ ቀርቧል፣ ተመስገን" ብትል ግን የትኛው ቃል ነው ውሸቱ? ምስጋና የሚከብደን ብዙ ጊዜ ከነገሩ ስለምናሰፋው ይመስለኛል። ለአንድ ጭልፋ ሽሮ የአንድ ጭልፋ ተመስገን ይበቃዋል። ለትልቁ ነገር ልማድ አለን፤ እንሳላለን፣ ሲሰምርልን ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ድረስ ስለታችንን ይዘን እንሄዳለን። ለትንሹ ነገር ግን ስለት የለም። ያች የዘጠኝ ዓመት ልጅህ እንዳደረገችው ነው፤ እዚያው ተቀምጦ፣ እንደ መጠኑ ማመስገን።

የራሴን ላጫውትህ። ባለቤቴ ያረፈ ዓመት ነው። አርባው ወጥቶ ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ "ተመስገን በይ" የሚለኝ ሰው ደጄን ሲያንኳኳ ባልከፈትኩ እል ነበር። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ተጋድሜ ሳለ የግቢው ቧንቧ ማስነጠስ ጀመረ። ያን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ ውኃው ከመምጣቱ በፊት አየሩን እየተፋ ይንተፋተፋል። ቀጥሎ ቀጭኗ ውኃ የባዶውን ባልዲ ግርጌ ስትመታ እንደ ከበሮ ጮኸች፤ ባልዲው እየያዘ ሲሄድ ድምፁ ረገበ። ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ባዶ እግሬን ቆሜ ባልዲውን አስተካከልኩና "ተመስገን" አልኩ። ካልኩት በኋላ ነው የሰማሁት። ስለ ባሌ አልነበረም፣ ስለ ሕይወቴም አልነበረም፤ ስለ አንድ ባልዲ ውኃ ነበር። በማግስቱ ሐዘኔ እንደነበረ ነው። ጸጉሬን ግን ታጠብኩ።

አሁን "ደርሷል" ወደምትለው ቃልህ። ልሳሳት እችላለሁ፤ ግን የአንተ ነገር ከሰማይ ጋር ከመሆኑ በፊት ከዴንቨር ጋር ይመስለኛል። እስቲ ወራቱን ቁጠርልኝ። ወንድምህ ኪራዩን መክፈል የጀመረው መቼ ነው? አንተ ማዕድ መባረክ ያቃተህስ ከዚያ በኋላ ስንት ቆይተህ ነው?

ዕድሜህን ሙሉ ሰጪ ነበርክ። ለወንድምህ ጫማ፣ ለተማሪዎችህ ዕውቀት፣ ለልጆችህ እንጀራ። የሰጪ እጅ ከላይ ነው፤ ከላይ መሆን ደግሞ ይለመዳል። አሁን እጅህ ከታች ሆነ፣ በዚያ ላይ ከማን እጅ በታች? ደብተር ገዝተህ ከሰጠኸው ልጅ። እኛ አገር ውለታ የሚባል ነገር አለ። ሰውን ከሰው የሚያስተሳስር መልካም ነገር ነው፤ ግን ይከብዳል። "ውለታህን እከፍላለሁ" ነው የምንለው፣ ልክ እንደ ዕዳ። አንተም ሁሉን በዕዳ መዝገብ ላይ መጻፍ የጀመርክ ይመስለኛል። ኪራዩ ዕዳ ነው፤ ኪራዩ ሲከፈል የተረፈው ብር ሽሮ ስለገዛ ሽሮውም ዕዳ ነው። ባለዕዳ ደግሞ አበዳሪው ፊት ቀርቦ መዘመር አይሆንለትም። ማዕዱ ፊት ቃል ቢጠፋህ አልገረመኝም።

ቋንቋችን ለዚህ መላ አለው፤ አፋችን ስለለመደው ነው የማንሰማው። ሰው ሲረዳን "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" እንላለን። ቀስ ብለህ ስማው እስቲ። እኔ መመለስ አልችልም፤ በእኔ ፈንታ እርሱ ይስጥልኝ ማለት ነው። መመለስ ለማይችል ሰው የተበጀ ቃል ነው። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የተቀመጠው ችግረኛ ይለዋል፣ ቡና የተቀዳለት ባለጸጋም ይለዋል። ዕዳውን ከሁለት ሰዎች መካከል አንሥቶ ለሦስተኛ ያስረክበዋል፤ ሁለቱ እንደ ወንድማማች እንዲተያዩ። ወንድምህ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሳለ አዲሱን ጫማ አድርጎ ምን እንዳለህ ታስታውሳለህ? ያኔ "መቼ ነው የሚመልስልኝ?" ብለህ ጠብቀህ ታውቃለህ? እርሱስ ዛሬ ከአንተ ምን የሚጠብቅ ይመስልሃል? በሌሊት ሥራ ደክሞ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት "ደርሷል" የሚል አንድ ቃል የሚያገኘው ሰው፣ ገንዘቡ መድረሱን ያውቃል። ታላቅ ወንድሙ ምን እንደሆነበት ግን አያውቅም።

ስለ ደብተሩ በአጭሩ ልበል፤ ባልደረባህ በቅንነት ስላደረገው አትዘንበት። በዚህ ጉዳይ ላይ የስነ ልቦና ተመራማሪዋ ሶንያ ሉቦሚርስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት አንድ ጥናት አለ። ለስድስት ሳምንታት ሰዎች በሕይወታቸው ያገኟቸውን መልካም ነገሮች እንዲቆጥሩ አደረጉ፤ ከፊሎቹ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከፊሎቹ ሦስት ጊዜ። ደስታቸው የጨመረው በሳምንት አንዴ የቆጠሩት ናቸው። ሲደጋገም ይሰለቻል፤ በየማታው አሥር ሲሆን ደግሞ የተኮረጀ የቤት ሥራ ቢሆንብህ ጥፋቱ የአንተ አይደለም። ደብተሩን ለልጅህ ስጣት፤ ሥዕል ትሣልበት።

እንግዲህ ምን ላድርግ ላልከው። ዛሬ ማታ አትባርክ። እንጀራው ሲቀርብ ለልጅህ "ዛሬም አንቺ ባርኪልን" በላትና ስትጨርስ አንተ "አሜን" በል። ከዚያ በላይ አትጨምር። ለጥቂት ቀናት እንዲሁ አድርግ። አሜን የተቀባይ ቃል ነው፤ የጎደለህ ልምምድ እርሱ ይመስለኛል። ደግሞም "ስለ አባዬም" ብላ ስትቆም የምታመሰግንበት ነገር አጥታብህ መስሎህ ነው የወጣኸው፤ አይደለም? ደብዳቤህን መልሰህ አንብበው። ስለ ፀሐይዋ ስትናገር ምክንያት ሰጥታለች፤ ቶሎ ስለወጣች። ስለ እናቷ ግን ምክንያት አልሰጠችም፤ "ስለ እማዬ" ብላ አለፈች። አንተንም ያስቀመጠችህ እዚያው፣ ምክንያት ከማያስፈልጋቸው ጋር ነው። ደግሞስ ለሦስት ወር ዝም ያለ አባት ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ለልጅ ቀላል ነው እንዴ?

ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ማታ ለባለቤትህ ይህን ደብዳቤ እንደጻፍክ ንገራት። ሌላ ሰው ሳይነግራት አንተ ንገራት፤ ዓምዱን እርሷ አይደለች የምታነበው? ስለ ወንድምህ የሚሰማህን ንገራት። ከዚያም እርሷን ምን እንደከበዳት ጠይቃትና ስትመልስ አታቋርጣት። ምናልባት ከዚያ ሁሉ ተመስገን በስተጀርባ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ይኖር ይሆናል።

ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ደግሞ ከዕለቱ አንድ ነገር ብቻ፣ በዓይንህ ያየኸውን፣ ያዝ። "ጤና" አትበል፤ ጤና በዓይን አይታይም። በከተማችሁ ብርድ ተማሪዎች ደወሉ ሳይደወል ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አታይም? ብርሃኗ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በስምንት ደቂቃ ያህል እንደሚደርስ የምታስተምራቸው አንተ ነህ። እስቲ አንድ ቀን ከእነርሱ ጋር ግድግዳውን ተደግፈህ ቁም። መምህር መሆንህን ለአምስት ደቂቃ ብትተወው ማንም አይከስህም። ልብህ ምንም ካላለም ምንም አይደለም፤ ጀርባህ ይሞቃል።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅህ አላልፍም። እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብ ይበላልሃል? ክፍል ስትገባ እንደ ድሮው ማስተማር ደስ ይልሃል ወይስ ሰዓቱ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ? ከመስከረም ወዲህ የጠፋው የማዕዱ ቃል ብቻ ካልሆነ፣ ሁሉም ነገር ጣዕም አጥቶብህ ከሆነ፣ ይህ የምስጋና ጉዳይ ላይሆን ይችላልና ሐኪም አነጋግር። ለንስሐ አባትህም ንገራቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። በድብርት የታመመን ሰው "ተመስገን በል" ማለት እግሩ የተሰበረውን "ተነሥና ሩጥ" እንደማለት ነው።

የቀረው ስልኩ ነው። ወንድምህ ከሥራ የሚያርፍበትን ቀን አንተ ታውቀዋለህ። እናንተ ራት ስትበሉ እርሱ ጋ ገና ረፋድ ስለሆነ የተኛበት ሰዓት እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቅ። ገንዘብ በገባበት ቀን አትደውል፤ ገናም ሳይደርስ ደውልለት፣ የበዓል እንዳይመስል። "ውለታህን አልረሳም፣ እከፍልሃለሁ" የሚለውን እንዳትጀምር አደራ። ገንዘቡ ምን እንደሆነ ንገረው። ልጅህ የምታጠናበት መስኮት አለ? ከእርሱ በየት በኩል ነው ፀሐይ የምትገባው? ታናሹ ሳያስል ያደረበት ክፍል የትኛው ነው? እርሱ የሚከፍልበትን ቤት አይቶት አያውቅም፤ በስልኩ አዙረህ አሳየው። ሽሮው እሳት ላይ ከሆነ እርሱንም አሳየው፤ ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ሲያነሣ ያደረ የደብረ ብርሃን ልጅ ሽሮ ሲንተከተክ ቢሰማ አይጠላም። ከዚያ ያችን የለመድናትን ቃል በላት፤ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" በለው፣ ቀስ ብለህ።

አንተ ያሳደግከው ልጅ ስለሆነ ምን ብሎ እንደሚመልስልህ ሳትገምት አትቀርም። እኔ ግን አላውቀውምና፣ ያለህን ጻፍልኝ።